ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ሥራ ልግባ?

ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ? ከምሳ በኋላ መናገር ከባድ ነው፤ ማዳመጥ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

እኔ መምህር አይደለሁም። የምሠራው የሰው ኃይል አስተዳደር ላይ ነው። ሥራ ፈላጊ የሚያስገባው ሲቪ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማስተርስ መቀጠል ይሻላል ወይስ ሥራ መግባት የሚለውን ጥያቄ የማየው ከዚያ ወንበር ሆኜ ነው። መምህሮቻችሁ ሌላ ነገር ሊነግሯችሁ ይችላሉ። እነሱንም ስሟቸው፤ ክፍል ውስጥ የሚያዩዋችሁ እነሱ ናቸው። እኔ የማገኛችሁ ቃለ መጠይቅ ላይ ነው።

እስቲ ስልካችሁን አውጡ። ሁሌ "ዝጉ" ነው የምትባሉት፣ ዛሬ ክፈቱት። መቼም የሥራ ማስታወቂያ የሚለጥፍ አንድ የቴሌግራም ቻናል አታጡም። እኛ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተን፣ መንገድ ዳር ተቀምጠን ነበር የምናነበው። ገጹን እያገላበጥን ሳለ አከራዩ "ሰዓትህ አልቋል" ይለን ነበር። እናንተ ጊዜ አላችሁ። አንዱን ማስታወቂያ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ደሞዙን ተዉት፤ አብዛኛው "በስምምነት" ነው የሚለው። "ተፈላጊ የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ" የሚለው ላይ ቁሙ።

ብዙውን ጊዜ የምታገኙት እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ "ቢኤ ዲግሪ እና 4 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ወይም ኤምኤ ዲግሪ እና 2 ዓመት የሥራ ልምድ።" ቁጥሩ እንደየመሥሪያ ቤቱ ይለያያል። አሠራሩ ግን ያው ነው። ቀጣሪው ማስተርሳችሁን በሁለት ዓመት ሥራ እየመነዘረው ነው።

አሁን ሂሳቡን ሥሩ። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ቀን ጋዋን ለብሰው ተመረቁ እንበል። አንደኛዋ የተገኘው ሥራ ላይ ገባች። ሁለተኛው ማስተርስ ቀጠለ። እሱ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ሁለት ዓመት ሠርቶ ለዚያ ቦታ ሲያመለክት እሷም አራት ዓመቷን ደፍናለች። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ ለአንድ ቦታ፣ እኩል ተወዳዳሪ ናቸው። ልዩነቱ እሷ የአራት ዓመት ደሞዝ በልታለች። እሱ የሁለት ዓመት በልቶ፣ የሁለት ዓመት ከፍሏል፤ ወይም ቤተሰቡ ከፍሎለታል።

ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ አላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ከፋችሁ። ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሦስተኛ ጓደኛ አለች። እሷ ሥራ ገብታ ማታ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ ተማረች። ልክ ስትመረቅ ማስተርሱም አላት፣ ሁለት ዓመቱም አላት። ከሁለቱም ቀድማ ለቦታው ትደርሳለች። ታዲያ በነፃ አይደለም። እነዚያን ዓመታት ሠርግ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ቅዳሜ የለ። አለቃዋ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ "ይህቺን ጨርሰሽ ውጪ" ካላት የማታው ክላስ አመለጣት ማለት ነው። መንገዱ ከባድ ነው። ግን በእኔ ጠረጴዛ በኩል ካለፉት ሰዎች ጥሩ ቦታ የደረሱት በብዛት በዚህ የመጡ ናቸው።

አንድ ነገር አስተውሉ። አንዳንዱ ማስታወቂያ በግርጌው "የሥራ ልምድ የሚያዘው ከምረቃ በኋላ ያለው ብቻ ነው" ይላል። የትኛው ምረቃ? አንዳንድ ቦታ ከመጀመሪያው ዲግሪ ጀምሮ ይቆጥሩላችኋል፤ አንዳንድ ቦታ በማስተርስ ለሚወዳደር ሰው ከማስተርሱ በኋላ ያለውን ብቻ ይይዛሉ። ይህቺ አንዲት መስመር ሦስተኛዋን ጓደኛ ጉድ ልትሠራት ትችላለች። ልትሠሩበት የምትመኙት መሥሪያ ቤት ካለ አሁኑኑ ደውላችሁ ጠይቁ። የሰው ኃይል ክፍል ስልክ ያነሳል፤ እንደሚወራብን ክፉ አይደለንም።

ሌላም አለ፤ "ከዘርፉ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት ያለው" የምትለዋ። በሶሺዮሎጂ ወይም በባዮሎጂ ተመርቆ ኤምቢኤ የያዘ ሰው ሲቪ በየጊዜው ይመጣልኛል። ቦታው የፋይናንስ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው የመጀመሪያው ዲግሪው ነው። ብዙ ቀጣሪ ሁለቱም ዲግሪ እንዲገጥም ይፈልጋል። ስለዚህ "ፊልዴን አልወደድኩትም፣ በማስተርስ እቀይረዋለሁ" የምትሉ ካላችሁ፣ የምትሄዱበት ዘርፍ ተቀያሪ ይቀበላል ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ እዩ። የሚቀበል አለ። ሶፍትዌር ላይ የሠራችሁትን ካሳያችሁ ከየት መጣህ የሚል ብዙ የለም። አካውንቲንግና ሕግ ላይ ግን በር ላይ ነው የሚያስቆሟችሁ።

ቤት ስትገቡ እናታችሁ "ማስተርስህንስ?" የምትለው ከየት አምጥታው ነው? ዝም ብላ አይደለም። ያየችውን ነው የምትናገረው። የድኅረ ምረቃ ትምህርት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በወጉ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1978 ነው። ለረጅም ጊዜ ማስተርስ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከዚያ የዩኒቨርሲቲ መስፋፋት መጣ። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ብቻ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈቱ። ደብረ ማርቆስ፣ ዲላ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ወለጋ የመሳሰሉት የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከ40 በላይ ሆነዋል። እነዚያ ሁሉ ክፍሎች አስተማሪ ያስፈልጋቸው ነበር። ማስተርስ ይዞ የወጣ ሰው ወረቀቱ ሳይደርቅ ሌክቸረር ይሆን ነበር። የጎረቤት ልጅ እንዲያ ሲሆን እናታችሁ አይታለች። አሁን ግን ዩኒቨርሲቲዎቹ በዚያ ፍጥነት አዲስ አይከፈቱም፤ ወንበሮቹ ተይዘዋል፤ ማስተርስ የያዘው ሰው ደግሞ በዝቷል። ምክሩ ለጊዜው ትክክል ነበር። ጊዜው ነው የተለወጠው።

እንግዲህ ማስተርስ ያለ እሱ የማይሆንባቸው ቦታዎችም አሉ። ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የምትፈልጉ ከሆነ ለሌክቸረርነት ማስተርስ ግድ ነው፤ ከዚያ በላይ ፒኤችዲ። በማዕረግ ተመርቃችሁ ግራጁዌት አሲስታንት ሆናችሁ የምትቀሩም ብትሆኑ ያው መማራችሁ አይቀርም። ምርምር ተቋማት እንዲሁ። ሐኪሞች ደግሞ የራሳቸው ዓለም አላቸው። ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ መቅረት ዛሬ ሥራ ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ስፔሻሊቲው እንደየዘርፉ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይፈጃል። ለእነሱ "ልማር ወይስ አልማር" ሳይሆን "በምን ልማር" ነው ጥያቄው።

ሕግ ተመራቂዎች እዚህ ካላችሁ፣ ለጥብቅና ፈቃድ የሚጠየቀው የሕግ ዲግሪ፣ ልምድና ፈተና ነው። ኤልኤልኤም፣ የሕግ ማስተርሱ ማለቴ ነው፣ ጥሩ ነው፤ ለፈቃዱ ብላችሁ ግን አትማሩት።

አካውንቲንጎች፣ እናንተ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ናችሁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ድርጅቶች ዓለም አቀፉን የሪፖርት ደረጃ እንዲከተሉ ካስገደደ ወዲህ ቀጣሪ የሚፈልገው ሰው ተቀይሯል። ያንን ሪፖርት መሥራት የሚችል ሰው ነው የሚፈለገው። ኤሲሲኤ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ማረጋገጫ 13 ፈተና አለው። አካውንቲንግ ዲግሪ ያለው ሰው የተወሰኑት ይነሱለታል። ከፈተናው ሌላ የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ስለዚህ እየሠራችሁ ካልሆነ አይጨረስም። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ያማል፤ አውቃለሁ። ግን ኤምኤ በአካውንቲንግ እና ግማሽ የደረሰ ኤሲሲኤ ጎን ለጎን ሲቀርቡልኝ የቃለ መጠይቁ ፓናል ዓይኑ የሚያርፈው የት እንደሆነ አይቻለሁ። ይህን ስናገር ኮሌጆች አይወዱኝም።

አሁን ወደማይወራው ጉዳይ ልግባ። ብዙ ሰው ማስተርስ የሚጀምረው ማስተርስ ፈልጎ አይደለም። ሥራ አጥቶ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መውጫ ፈተና አለ። ከ50 በላይ አምጥታችሁ አልፋችሁ፣ ዲግሪውን ያዛችሁ፣ ቤት ተቀመጣችሁ። ስድስት ወር። ዘጠኝ ወር። ጎረቤት "ምን እየሠራህ ነው?" ሲል መልስ ጠፋ። "ማስተርስ እየተማርኩ ነው" ማለት ያሳርፋል። እረዳለሁ፤ ያ ዕረፍት ዋጋ አለው፣ ሰው ነንና። ግን የምታስተላልፉት ችግር ሁለት ዓመት ቆይቶ ያው ነው፤ እንዲያውም ይጠነክራል። "ዜሮ ዓመት" ለሚለው ማስታወቂያ ማስተርስ ይዛችሁ ስትመጡ ቀጣሪው "ይሄ ይቆይልኛል ወይ?" ብሎ ያመነታል። ሁለት ዓመት ለሚለው ደግሞ ልምድ የላችሁም። መሀል ላይ ተንጠለጠላችሁ።

በዚህ መንገድ የተጀመረ ማስተርስ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ይጋለጣል። ቴሲስ ላይ። በየዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ "ጥናታዊ ጽሑፍ እናማክራለን" የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸውን ፎቶ ኮፒ ቤቶች ታውቃላችሁ። ማማከሩ ምን ማለት እንደሆነም ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ልጅ ገባ። ሱፉ ያማረ፣ ጂፒኤው የሚያስቀና። ቀለል ብሎት እንዲጀምር "ቴሲስህ ስለምን ነበር?" አልነው። ርዕሱን እንደ ግጥም ወረደው። "ስንት ሰው ነው መጠይቅ ያስሞላኸው?" ዝም። "የት ነው ያስሞላኸው?" "አዲስ አበባ።" "አዲስ አበባ የት?" ላቡ ግንባሩ ላይ ታየ። ሌላው ፓናሊስት አዝኖ ውሃ ቀዳለት። ጥያቄው ከባድ አልነበረም። ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ቦሌ ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ደጅ ስንት ቀን እንደተመላለሰ እያማረረ ይነግረን ነበር። እውነተኛ ቴሲስ የሠራ ሰው ማማረሩ ያስታውቃል።

የግል ኮሌጅ የምታስቡ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ፈቃድ እዩ። የኮሌጁን ስም ብቻ አይደለም። የምትማሩበት ካምፓስና የምትማሩት ፕሮግራም ፈቃድ አለው ወይ? በቅርቡ ተቋማት እንደገና እንዲመዘገቡ ሲደረግ ያልቀጠሉ እንደነበሩ ሰምታችኋል። ጋት የምንለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ደግሞ የትም ብትማሩ አትዘሉትም። "ያለ ጋት እናስገባችኋለን፣ በኋላ ይስተካከላል" የሚል ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ውጭ አገርስ? እዚህ ላይ ሁላችሁም ነቃ አላችሁ።

ስለ ስኮላርሺፕ የምትሰሙት ብዙ ነው፤ አንዷ ነገር ግን አትወራም። ታላላቆቹ ስኮላርሺፖች ራሳቸው ሥራ እንድትሠሩ ይፈልጋሉ። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሁለት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ስትጨርሱም ለሁለት ዓመት አገራችሁ ተመለሱ ይላል። የጀርመኑ ዳድ ለታዳጊ አገሮች ባዘጋጃቸው ፕሮግራሞች ቢያንስ ሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ለየት ይላል። እዚያ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ፣ አንዳንዴም ሳትመረቁ ማመልከት ይቻላል። ወር በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። ስለዚህ ውድድሩ የሚያንገበግብ ነው።

ጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው ክፍያ የለውም፤ እውነት ነው። ግን ቪዛ ለማግኘት በዝግ ሂሳብ የሚቀመጥ ገንዘብ አለ። በፈረንጆቹ 2025 ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ነበር። የኛ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፏል። ይህን ዩሮ ወደ ብር መንዝሩትና ከቤተሰብ ጋር ቁጭ በሉ። ኖርዌይ ነፃ ነው የሚለው ደግሞ የቆየ ወሬ ነው፤ ከፈረንጆቹ 2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ ይከፍላል።

ሳይንስና ኢንጂነሪንግ የተማራችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካ ፒኤችዲ ለመጀመር ማስተርስ የግድ አይደለም። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይገባል። አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል። ትምህርቱ ተከፍሎላችሁ፣ እያስተማራችሁ ወይም ላብራቶሪ እየሠራችሁ የወር ገንዘብ ታገኛላችሁ። ማስተርሱ ነው በአብዛኛው ከኪስ የሚከፈለው። እዚህ አገር ሰው ይህን ስለማያውቅ ርካሹን ትቶ ውዱን ያመለክታል። በፈረንጆቹ 2025 የምርምር በጀት ስለተቀነሰ ብዙ ዲፓርትመንቶች የሚቀበሉትን ሰው ቀንሰዋል። ቢሆንም በሩ አልተዘጋም።

ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ግን ወረቀት አለ። ስትመረቁ ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ኦሪጅናሉ የወጪ መጋራት ዕዳ ሳይዘጋ አይሰጥም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ ነው የሚልከው። ማመልከቻው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ሬጅስትራር መስኮት ላይ የሚያለቅስ ሰው በየዓመቱ አለ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁ ሁለት መምህር ደግሞ አሁን አዘጋጁ፤ ስማችሁንና የሠራችሁትን ፕሮጀክት የሚያውቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ "ዶክተር፣ ያኔ ከኋላ የምቀመጠው ነኝ" ብላችሁ ኢሜይል ብትጽፉ ምን ብለው ይመሰክሩላችኋል?

መሥሪያ ቤት ልኮ ካስተማራችሁ ውሉን ራሳችሁ አንብቡት። ስንት ዓመት ታገለግላላችሁ? ካቋረጣችሁ ምን ትከፍላላችሁ? ዋስ ማን ነው? ዋሱ አጎታችሁ ከሆኑ፣ ውጭ ሄዳችሁ ስትቀሩ ከደሞዛቸው የሚቆረጠው የእሳቸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ የተነሣ የማይነጋገር ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

ንግግሬን እዚህ ላይ ነበር የጨረስኩት። ከዚያ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጨምር።

አንዲት ልጅ "ማስተርስ ስጨርስ ዕድሜዬ ይሄዳል፣ ቤተሰብ ደግሞ አግቢ እያለኝ ነው" አለች። አዳራሹ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ትምህርቱን ባትጀምሪም ዕድሜው ይሄዳል አልኳት። የጠየቅኳት ሌላ ነገር ነበር፦ የምትፈልጊውን ሥራ በዲግሪሽ ታገኚዋለሽ ወይ? "አዎ፣ ልምድ ብቻ ነው የሚጠይቁት" አለች። እንግዲያው የቤተሰቡን ነገር ለብቻው አውሪው፤ ከማስተርሱ ጋር አትቀላቅይው። ማግባት ካልፈለግሽ ማስተርስን መደበቂያ ማድረግ ውድ ነው፣ ክፍያ አለው።

መጨረሻ ላይ የተነሣው ልጅ ከገጠር የመጣ ነው። አባቱ ሁለት በሬ ሸጠው የግል ኮሌጅ ማስተርስ ሊያስተምሩት ይፈልጋሉ።

"ስንት ቦታ አመለከትክ ለሥራ?" አልኩት።

"ገና አልጀመርኩም። መውጫ ፈተናውን ካለፍኩ ገና ወሩ ነው።"

"የኮሌጁን ፈቃድ አይተሃል?"

"ማስታወቂያቸው ላይ አለ።"

"ማስታወቂያቸው ላይ ሳይሆን ባለሥልጣኑ ዘንድ።"

ዝም አለ።

በሬዎቹ ለአሁኑ ይረሱ አልኩት። ለአባትህ እስከ መጪው መኸር ቆዩልኝ በላቸው። እስከዚያ ለሚወጣው የዜሮ ዓመት ማስታወቂያ ሁሉ አመልክት፤ ወረዳም ቢሆን፣ ደሞዙ ቢያንስም። ሥራ ካገኘህ ማታ ትማራለህ፤ በራስህ ደሞዝ። ካላገኘህ ተመልሰን እንነጋገራለን፤ ስልኬን ያዝ።

"ጋቱንስ እስከዚያ ልፈተን?" አለ።

ተፈተን አልኩት። ማለፍ መመዝገብን አያስገድድም።